ስለ ሕፃናት የሽንት ጨርቅ፤ እናት በሥራ ላይ ሆና ሕፃኑ በማቆያ ቤት ሲውል

ልጅ ወልዳ የተነሣች እናት ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ሲቃረብ ብዙ ነገር ያሳስባታል። ስለ ጡትና ስለ ምግብ፤ ስለ ክትባትና ስለ እንቅልፍ የሚመክራት አታጣም፤ ሐኪሙም፤ ጎረቤቱም፤ ዘመዱም ሁሉ የሚያውቀውን ይነግራታል። ከሚያሳስቧት ነገሮች አንዱን ግን፤ በሰው ፊት ሲናገሩት የሚያሳፍር ስለሚመስል፤ ማንም አንሥቶ አይጫወተውም። ይኸውም የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ነው። ሕፃኑ ከቤት ወጥቶ በማቆያ ቤት በሚውልበት ጊዜ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ የሚለወጠውን ጨርቅ ማን ይለውጠዋል? የረጠበውስ እስከ ማታ የት ይቀመጣል? ማንስ ያጥበዋል? ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ይህን ነገር፤ ትንሽ ነው ብለን ሳንንቅ፤ እንደ ችሎታችን ልንጽፍበት አሰብን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፤ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን፤ ደመወዟ ሳይቋረጥ እንድታርፍ ደንግጓል። ይህ ለእናትም ለልጅም ታላቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ዘጠናው ቀን ሲፈጸም ሕፃኑ የሦስት ወር ልጅ ነው፤ ገና አንገቱን ማጽናቱ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሕፃን ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ዘንድ ይውል ነበር። ዛሬ ግን በከተማ የምትኖር እናት ብዙ ጊዜ እናቷ በሌላ አገር ናቸው፤ እኅቷም እንደ እርሷው ጧት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ ሆናለች። ስለዚህ ሕፃኑ ወደ ማቆያ ይሄዳል።

ከምናውቃቸው እናቶች አንዲቱ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ የምታገለግል፤ የመጀመሪያ ልጅዋን በወለደች ጊዜ እናቷ ሊያርሷት ከገጠር ሲመጡ ሁለት አሮጌ ነጠላና አንድ ያረጀ ጋቢ ይዘውላት መጡ። ነጠላው በአራት ማዕዘን እየተቀደደ፤ ዳር ዳሩ እየተዘመዘመ፤ ሃያ አራት የሽንት ጨርቅ ወጣው። ጋቢው ደግሞ ለሌሊት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ሆኖ ተሰፋ። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ለሕፃን ገላ እንደሚስማማ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ አዲሱን አቡጀዲ ትተው አሮጌውን ነጠላ የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ሕፃኑም ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ጨርቅ ኖረ፤ ገላውም አልተቈጣም።

የዕረፍቷ ጊዜ አልቆ ልጁን ወደ ማቆያ በወሰደችበት ጧት ግን፤ ሞግዚቲቱ የተቀበለቻትን ከረጢት ከፍታ ተመለከተችና፤ «እኅቴ፤ እዚህ በጨርቅ አንቀበልም፤ ዳይፐር ይዘሽልን ነይ» አለቻት። እናቲቱ የሥራ ሰዓት ደርሶባት ነበርና አልተከራከረችም። ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዝታ አስረክባ ወደ ሥራዋ ሄደች። በወሩ መጨረሻ ሒሳቧን ስትመለከት ግን ደነገጠች። በቀን ስድስት ቢለወጥ በወር 180 ነው፤ ልጁም ሽንቱን እስኪያውቅ ድረስ ሁለት ዓመት ተኩል ቢቈጠር ከአምስት ሺሕ በላይ ይሆናል። ደመወዟም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እናቷ በስልክ፤ «ልጄ፤ ጨርቁ ተስማማው ወይ?» ብለው በጠየቋት ቍጥር፤ «አዎን እማዬ፤ ተስማማው» ትላቸው ነበር። እውነቱን መናገር ከበዳት። ጨርቁም ታጥፎ በሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ይህን ታሪክ ስንጽፍ ተጥሎ የሚቀረውን መጠቅለያ ልንኰንን አይደለም። ይህ ዕቃ የተፈለሰፈው ራሳቸው ጨርቅ ሲያጥቡ የከረሙ ሰዎች የድካሙን ልክ ስላወቁት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ማሪዮን ዶኖቫን የምትባል አሜሪካዊት እናት የልጇ ጨርቅ በረጠበ ቍጥር አንሶላውን ጭምር ማጠብ ቢሰለቻት፤ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቈርጣ በስፌት መኪናዋ ውሃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ሰፋች፤ በ1951 ዓ.ም.ም የፈጠራ መብቷ ተመዘገበላት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቪክቶር ሚልስ የሚባል መሐንዲስ የልጅ ልጁን ጨርቅ መለወጥና ማጠብ ጠልቶ፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተጥሎ የሚቀረውን ዓይነት ለመሥራት ተነሣ፤ ሥራቸውም ፓምፐርስ ተብሎ በ1961 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ስለዚህ ዳይፐርን የምትገዛ እናት ሰነፍ ናት የሚል ሰው ቢኖር፤ አንድ ሳምንት ብቻ ጨርቁን ራሱ ያጥበውና ከዚያ በኋላ ይናገር።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በቤቷ በጨርቅ ልጅዋን ማሳደግ የምትችልና የምትፈልግ እናት፤ ልጁ ማቆያ ስለ ገባ ብቻ ልትተወው ይገባልን? መልሱን ለማግኘት በከተማችን ካሉት ማቆያዎች ወደ ሁለቱ ሄደን ሞግዚቶቹን አነጋገርን።

ሞግዚቶቹ የነገሩን ቃል እውነት አለበት። በአንደኛው ማቆያ አንዲት ሞግዚት ስድስትና ሰባት ሕፃናት ትይዛለች። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይራባል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይረጥባል። በዚህ መካከል አንዲት እናት መሸፈኛ የሌለው ጨርቅ ብቻ፤ ያውም በመርፌ ቍልፍ የሚያያዝ፤ ልካ ትሄዳለች። ጨርቁን እንደ ቤቱ ልማድ ማጠፍ ጊዜ ይፈጃል፤ መርፌው ሕፃኑን እንዳይወጋ ያሠጋል፤ ጥቂት ቈይቶም ሽንቱ አልፎ ልብሱንና ፍራሹን ያረጥባል። የረጠበው በስስ ፌስታል ተቋጥሮ እስከ ማታ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ክፍሉም ይሸታል። ማታ እናቲቱ ስትመጣ፤ «ምነው ሳታለቀልቁት?» ብላ ትቈጣለች። ውሃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከሞግዚቶቹ አንዲቱ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፤ «እኛ የተቀጠርነው ልጅ ለመያዝ ነው፤ ልብስ አጣቢ የቀጠሩ መሰላቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ነገሩን መርምረን እንደ ተረዳነው፤ ማቆያው የጠላው ጨርቁን አይደለም፤ ከጨርቁ ጋር የሚመጣበትን ሥራ ነው። ሥራው ከሞግዚቲቱ እጅ ላይ ተነሥቶ እቤት አስቀድሞ የተሰናዳ እንደ ሆነ፤ በጨርቅና በዳይፐር መካከል ለእርሷ ያለው ልዩነት እምብዛም አይደለም።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ሕፃናት ማቆያዎች ባወጡት የጤናና የደኅንነት መመሪያ ውስጥ የጨርቅ መጠቅለያ ነገር ተጽፎ ይገኛል። መመሪያው የሚጠይቀው፤ ሽንት የሚመጥጠው ጨርቅ ውሃ በማያሳልፍ መሸፈኛ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባ እንዲሆንና፤ በሚለወጥበትም ጊዜ ጨርቁና መሸፈኛው ሳይለያዩ ባንድነት እንዲለወጡ ነው። ከዚያም ብዙ እናቶች የማይጠብቁትን ነገር ይላል፤ ይኸውም የቈሸሸው ጨርቅ በማቆያው ውስጥ ከቶ እንዳይለቀለቅና ዓይነ ምድሩም ከላዩ እንዳይራገፍ፤ እንዳለ ሆኖ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ተጠቅልሎ፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ተቀምጦ፤ ማታ ለወላጁ እንዲሰጥ ነው።

በመጀመሪያ ሲያዩት ይህ ነውር ይመስላል። ንጹሕ ሴት የቈሸሸ ጨርቅ ሳታለቀልቅ ታሳድራለችን? ይባል ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጨርቅ በተለቀለቀ ቍጥር ውሃው ይረጫል፤ እጅ፤ ገንዳና ወለል ይበከላል፤ የተቅማጥም በሽታ ካንዱ ሕፃን ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በቤት አንድ ሕፃን ስላለ ጕዳቱ አይታወቅም፤ በማቆያ ግን አሥርና አሥራ አምስት ሕፃናት አንድ ምንጣፍ ላይ ይድኻሉ፤ ያገኙትንም ሁሉ ወደ አፋቸው ያገባሉ። ስለዚህ «ለምን አላለቀለቃችሁም?» ብላ የምትቈጣ እናት ሳታውቅ የልጅዋን ጕዳት ትጠይቃለች ማለት ነው። በጨርቅም ሆነ በዳይፐር እኩል የሚያስፈልገው፤ ሞግዚቲቱ ከለወጠች በኋላ እጅዋን በሳሙና መታጠቧ፤ የሕፃኑም እጅ መታጠቡ፤ የተለወጠበትም ጠረጴዛ በየጊዜው መጽዳቱ ነው።

አሁን ወደ አሰናዳዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ጥቂት ብንረዝም አንባብያን ይታገሡን፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ውስጥ ነውና።

ልዩ ልዩ የሽንት ጨርቅ በገበያ አለ። አንዳንዱ ተሰፍቶ በሱሪ መልክ የተሠራ ነው፤ ወፍራም ስለ ሆነ ለመልበስ ይመቻል፤ ለመድረቅ ግን ይዘገያል። በክረምት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም፤ አንድ ወፍራም ጨርቅ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰቅሎ አልደርቅ ሊል ይችላል፤ በደንብ ያልደረቀም ጨርቅ ይሸታል። እኛ ከሁሉ የምንመርጠው አያቶቻችን የሚያውቁትን ያንኑ ስሱን፤ ባለ አራት ማዕዘኑን ነው። ሲዘረጋ ስስ ስለ ሆነ ቶሎ ይጠራል፤ ቶሎም ይደርቃል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ስምንት ድርብ ሆኖ ይወፍራል። ስፋቱ በየማዕዘኑ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያኽል ቢሆን ይበቃል።

ጕድለቱ ማጠፉ ነው፤ ይህም የእናትየዋ የማታ ሥራ ይሁን። ሕፃኑ ከተኛ በኋላ ለነገ የሚሆኑትን ጨርቆች በቁመታቸው አጥፋ፤ እያንዳንዱን ውሃ በማያሳልፍ መሸፈኛ ውስጥ አስገብታ ብታሳድራቸው፤ ሞግዚቲቱ ልክ እንደ ዳይፐር ከሥር አግብታ፤ ግራና ቀኙን ከፊት መዝጋት ብቻ ይቀራታል። መሸፈኛው በተለጣፊ ወይም ተጫኖ በሚዘጋ ቍልፍ የሚያያዝ ይሁን፤ የመርፌ ቍልፍ ግን ለማቆያ አይላክ። ዋልተር ሃንት የሚባለው አሜሪካዊ በ1849 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ያን መርፌ ከሠራ ወዲህ ብዙ እናቶችን አገልግሏል፤ ሰባት ሕፃናት ለያዘች ሞግዚት ግን የሚሆን ዕቃ አይደለም።

ሕፃኑ በማቆያ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚውል ከሆነ፤ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይለወጣልና፤ ዓይነ ምድርም ሲመጣ ወዲያው መለወጥ አለበትና፤ አምስት የተሰናዳ ጨርቅና ሁለት መጠባበቂያ ይበቃዋል። ከዚህ ጋር ሁለት ከረጢት ይላክ፤ አንዱ ለንጹሑ፤ አንዱም ዚፕ ያለው፤ ውሃና ሽታ የማያሳልፍ፤ ለረጠበው። በሁለቱም ላይ የሕፃኑ ስም ይጻፍ። በየሁለት ቀኑ የሚታጠብ ቢሆን ሃያ አራት ጨርቅና ከአሥር የማያንሱ መሸፈኛዎች ቤቱን ሁሉ ያዳርሳሉ። መሸፈኛዎቹ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ይህን አንሸሽግም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተገዝተው ለታናሹም ይተርፋሉ።

ማታ ጨርቁ እቤት ሲገባ ዓይነ ምድሩ ወደ መጸዳጃ ቤት ይራገፋል። ገና ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ዓይነ ምድሩ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ አያስቸግርም፤ በስድስት ወሩ ምግብ ሲጀምር ግን ይጠነክራል፤ ይሸታልም። ከዚያ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ መጀመሪያውኑ ሙቅ ውሃ ካገኘው እድፉ ይጸናበታልና። ቀጥሎ በሳሙናና እጅግ በሞቀ ውሃ ተዘፍዝፎ፤ እጅ ለመንከር ሲበርድ ይታጠባል፤ መኪና ያለው ግን 60 ዲግሪ ላይ ያድርገው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ አረፋ እስኪጠፋው ድረስ መደጋገም አለበት፤ በጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና ገላ ያሳክካል። ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽ አይጨምሩበት፤ ጨርቁ ሽንት መምጠጡን ይተዋል። በረኪናም ዘወትር ከሆነ ጥጡን ይበላዋል።

ስለ እንዶድ የሚጠይቁን አይጠፉም። እንዶድ የአገራችን ጥንታዊ ሳሙና ነው፤ ነጠላን የሚያነጣ እንደ እርሱ ያለ እንደሌለ የሚናገሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ፤ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተው፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል ለዓለም ገለጹ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኀይል ያለው ነገር ለሕፃን ጨርቅ ይበረታል ብለን እናስባለንና፤ ተራውን ሳሙና እንመክራለን።

ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ከሁሉ ትበልጣለች፤ እድፉንም ታነጣለች። በሞቃት የአፍሪካ አገሮች እርጥብ ልብስ ላይ ዕንቍላሏን የምትጥል፤ ትሏም ወደ ሰው ቈዳ የምትገባ ዝንብ አለች፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ሰው ውጭ የተሰጣውን ጨርቅ ሳይተኵስ ለልጁ አያልብሰው።

የሕፃን መቀመጫ የሚቀላውና የሚላላጠው በጨርቁ ወይም በዳይፐሩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን በመዘግየት ነው። ሽንትና ዓይነ ምድር ተቀላቅለው በቈዩ መጠን አሞንያ ይፈጠራል፤ በዚህም የተነሣ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያሉት ምግብ የሚያላሙ ነገሮች ኀይል አግኝተው ቈዳውን ይበሉታል። ዳይፐር ሽንቱን ወደ ውስጡ ስቦ ስለሚይዝ ላዩ ደረቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ቢዘገዩበትም አይታወቅም። ጨርቅ ግን ወዲያው ይናገራል። ይህ ለሕፃኑ ጥቅም ነው፤ ለደከመች ሞግዚት ግን ተጨማሪ ሥራ ነው፤ እውነቱን መሸሸግ አይገባም።

ከገንዘቡ ሌላ የከተማው ቆሻሻም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ክምር ከልዩ ልዩ ቆሻሻ የተከማቸ ነው እንጂ የሕፃናት መጠቅለያ ብቻ አልሠራውም። ቢሆንም ከየቤታችን የሚወጣው ነገር ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ እንደሚሄድ ያሳያል።

ሆኖም ጨርቅ ሁልጊዜ ከጕዳት ነጻ ነው ማለት ስሕተት ነው። የእንግሊዝ አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው ምርመራ፤ አንድ ሕፃን በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በዳይፐር ቢያድግ 550 ኪሎ፤ በጨርቅም ቢያድግ 570 ኪሎ ያኽል የካርቦን ጋዝ ወደ አየር እንደሚወጣ ገመተ። ይህም የሆነው በዚያ አገር በመኪና አጥበው በመኪና የሚያደርቁ ብዙዎች ስለ ሆኑ ነው። ጨርቁን በገመድ ላይ የሚያደርቁ፤ መኪናውን ሞልተው የሚያጥቡና ለሁለተኛውም ልጅ የሚያቆዩ ቢሆኑ ግን የጨርቁ ጕዳት እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ ያው ምርመራ ጽፏል። ፀሐይና ገመድ እኛ ዘንድ አይታጡም። የሚያሳስበው ውሃውና ጕልበቱ ነው።

ጕልበቱን በተመለከተ ያለንን አሳብ ሳንደብቅ እንናገራለን። በጨርቅ የዳነው ገንዘብ በቤት ሠራተኛዋ ጀርባ ላይ የተጫነ ድካም ብቻ ከሆነ፤ ቤቱ አልቈጠበም፤ ዕዳውን ወደ ሌላ አዛወረ እንጂ። የጨርቅ እጥበት በሥራዋ ላይ ሲጨመር ደመወዟም ሊጨመርላት ይገባል። አባትየውም ቢሆን ማታ አንድ ሳፋ ውሃ ቢያሞቅ፤ አምስት ጨርቅም ቢያጥፍ፤ ማዕረጉ የሚቀነስ አይመስለንም።

ጨርቅ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ሕፃኑ ተቅማጥ በያዘው ቀን፤ ውሃ ለብዙ ቀን በተቋረጠ ጊዜ፤ በመንገድም ላይ ዳይፐር ቢገዙ ምንም ነውር የለበትም። ጨርቅ ስእለት አይደለም። ለጨርቅ ቀኑን፤ ለሌሊት ደግሞ ዳይፐርን የሚመርጡ ቤቶች አሉ፤ ሕፃኑም እናቲቱም ደኅና ይተኛሉ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ስለ ሆኑ አንድ ነገር ለእነርሱ እንጨምራለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ከደነገገ ወዲህ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ክፍል ለይተው ከፍተዋል፤ በምረቃውም ቀን ሪባን ተቈርጧል። በአንዳንዶቹ ግን ስንገባ ምንጣፉና አሻንጉሊቱ ተሟልቶ ቧንቧው የለም፤ ሞግዚቲቱ ሕፃን በለወጠች ቍጥር እጅዋን ለመታጠብ ኮሪደሩን አቋርጣ ትሄዳለች፤ እስክትመለስም ሌሎቹ ሕፃናት ብቻቸውን ናቸው። በአሻንጉሊቱ ፈንታ ከመለወጫው ጠረጴዛ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ቢተከል፤ ውሃ ለሚጠፋበትም ቀን ቧንቧ ያለው በርሜል ቢቀመጥ፤ ለየሕፃኑም ከረጢት ስሙ የተጻፈበት ማንጠልጠያ ከግድግዳው ከፍ ብሎ ቢመታ፤ ወጪው ከምረቃው ድግስ አይበልጥም። ከሁሉም በላይ ግን ለአንዲት ሞግዚት የሚሰጡት ሕፃናት ቍጥር ይቀነስ። ሰባት ሕፃን የያዘች ሴት በጨርቅም በዳይፐርም አትደርስም።

ከላይ የተናገርንላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገሩን ወደ ፍጻሜ ያደረሰችው በክርክር አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ስምንት መሸፈኛ ገዝታ፤ የእናቷን ጨርቅ ከሣጥን አውጥታ፤ ከላይ እንዳልነው አሰናድታ፤ አንድ ቅዳሜ ወደ ማቆያው ሄደችና በሞግዚቲቱ ፊት ልጁን ለውጣ አሳየቻት። «አንድ ወር ብቻ ሞክሩልኝ፤ ምንም አታለቅልቁ፤ እንዳለ ከረጢት ውስጥ ክተቱልኝ፤ ካስቸገራችሁ ዳይፐር አመጣለሁ» አለቻት። መጠባበቂያ የሚሆኑ አራት ዳይፐሮችም በዚያው ተወች። ሞግዚቲቱ ፈቀደች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን መሸፈኛው ላልቶ ታስሮ ልብሱ ረጠበ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሁለት ቀን ልጁ ሆዱን ታሞ በዳይፐር ዋለ። ወሩ ሲያልቅ ግን ስለ መመለስ የጠየቃት አልነበረም።

አያቲቱ ለጥምቀት ሲመጡ ልጁን ለመቀበል ከልጃቸው ጋር ወደ ማቆያው ሄዱ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም በእጥበት ብዛት ጠፍቶ ነበር። ሞግዚቲቱ ግን ከማንጠልጠያው ላይ ሳትሳሳት አንሥታ ሰጠቻቸው፤ ከዚፑ አፍ ብቅ ያለውን የነጠላ ጥለት አይታ ነው። አያቲቱም ቀዩን ጥለት በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፤ «ይህ እኮ የኔ የክርስትና ነጠላዬ ነው» አሉ።